«ስለ» በእንግሊዝኛ ስንት ነው?

በዚህ እትም የቋንቋ ዓምዱ ተራ ለእኔ ስለደረሰኝ ስለ እንግሊዝኛ አያያዥ ቃላት ልጽፍላችሁ ነው። አያያዥ የምላቸው «ቢኮዝ»፣ «ሶ»፣ «ዜርፎር» እና የመሳሰሉትን፣ ማለትም ምክንያትንና ውጤትን የሚያገናኙትን ነው። ወደ መጨረሻው ደግሞ ደብዳቤ ላይ የሚገቡትን እናያለን። መጽሔታችን የሚጻፈው በአማርኛ ፊደል ነውና የእንግሊዝኛውን ቃል ሁሉ በፊደላችን አስገብቼዋለሁ፤ ስፔሊንጉን ከመጽሐፋችሁ ፈልጉት።

ይህን ርዕስ የመረጥኩት ያለ ነገር አይደለም። ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ስንገባ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ሆነ። እስከ አምና እንግሊዝኛ አንድ ትምህርት ነበር። አሁን ግን ሌሎቹ ትምህርቶች የሚገቡበት በር ሆኗል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሚኒስትሪ አለ። ሳይንሱን እያወቁ በአንዲት ትንሽ ቃል መውደቅ ያናድዳል፤ ሲደርስም አይቻለሁ፣ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

እስቲ መጀመሪያ ከላይ «በዚህ እትም» ብላ የምትጀምረውን ዓረፍተ ነገር ተመልሳችሁ እዩ። «ስለ» ሁለት ጊዜ ገብታለች። «ስለደረሰኝ» የምትለው ምክንያት ናት። «ስለ እንግሊዝኛ» የምትለው ግን ምክንያት አይደለችም፣ የምጽፍበትን ጉዳይ ነው የምትናገረው። የመጀመሪያዋ በእንግሊዝኛ «ቢኮዝ» ትሆናለች፣ ሁለተኛዋ «አባውት»። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ደግሞ «ስለ ማርያም» ሲባል ሌላ ሦስተኛ ትርጉም አለ፤ «ለማርያም ብላችሁ» ማለት ነው። እኛ በአንድ «ስለ» ሦስት ሥራ እንሠራለን። እንግሊዝኛ ለእያንዳንዱ ሌላ ቃል ይፈልጋል። ስለዚህ «ስለ» ባየን ቁጥር ዘለን «ቢኮዝ» ማለት የለብንም።

እንዴት እንለያለን? እኔ የምጠቀምበት ዘዴ ቀላል ነው። ከ«ስለ» ቀጥሎ ግስ ከመጣ (ስለዘነበ፣ ስለታመመች፣ ስለማይሰማ) ምክንያት ነው። ስም ከመጣ (ስለ ዝናብ፣ ስለ በሽታ) ብዙ ጊዜ «አባውት» ነው። ቲቸር እንዳሉት ሁልጊዜ አይሠራም፣ ግን ከአሥሩ ዘጠኙን ይይዛል።

አሁን ወደ «ቢኮዝ» እንሂድ። «ቢኮዝ» እና «ቢኮዝ ኦፍ» የሚባሉ ሁለት አሉ፤ ብዙ ልጅ አንድ ይመስሉታል። «ቢኮዝ» ባለቤትና ግስ ያለው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያስከትላል፦ «ቢኮዝ ኢት ሬይንድ»። «ቢኮዝ ኦፍ» ግን ስም ብቻ ነው የሚፈልገው፦ «ቢኮዝ ኦፍ ዘ ሬይን»። በአማርኛ ትምህርት መስተጻምርና መስተዋድድ ተምረናል አይደል? ልዩነቱ እሱው ነው፤ የመጀመሪያው መስተጻምር፣ ሁለተኛው መስተዋድድ። መፈተሻውም አማርኛችን ውስጥ አለ። «ስለዘነበ» ካልክ «ቢኮዝ»፣ «በዝናቡ ምክንያት» ካልክ «ቢኮዝ ኦፍ»። አለቀ።

ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ። «ቢኮዝ» የሚለው ቃል በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ ተለያይተው ይጻፉ ከነበሩ ሁለት ቃላት የተሠራ ነው፤ «ባይ» እና «ኮዝ»። «ኮዝ» ምክንያት ነው፣ «ባይ» ደግሞ የእኛ «በ»። ማለትም «ቢኮዝ» ማለት ቃል በቃል «በምክንያት» ነው! ለዚህ ነው «ቢኮዝ ኦፍ ዘ ሬይን» ስንል «በዝናቡ ምክንያት» ጋር ልክ የሚገጥመው። «ዜርፎር»ም እንደዚሁ ነው። «ዜር» እና «ፎር» ተጋጥመው «ስለዚያ» እንደማለት ነው። የእኛም «ስለዚህ» «ስለ» እና «ይህ» ተጋጥመው ነው የተሠራችው። እነሱ የራቀውን አመለከቱ፣ እኛ የቀረበውን፤ አሠራሩ ግን አንድ ዓይነት ነው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ሁለቱን ቃላት ረስቻቸው አላውቅም።

እዚህ ላይ አማርኛችን የሚያሳስትበት አንድ ቦታ አለ። እኛ ስናወራ «አልመጣሁም፤ ምክንያቱም ስለታመምኩ ነው» እንላለን። ምክንያቱን ሁለት ጊዜ ምልክት አደረግንበት ማለት ነው፤ አንዴ በ«ምክንያቱም»፣ አንዴ በ«ስለ»። ለጆሯችን ምንም አይደለም። ወደ እንግሊዝኛ ይዘነው ስንሄድ ግን «ቢኮዝ ኢት ሬይንድ፣ ሶ አይ ወዝ ሌት» የሚል ይወጣል። ይሄ በእንግሊዝኛ ለአንድ በር ሁለት ጓንጉለር መግጠም ነው። «ቢኮዝ» ካለ «ሶ» ይውጣ፣ «ሶ» ካለ «ቢኮዝ» ይውጣ። «ኦልዞ» እና «በት»ም እንደዚሁ ናቸው። እኛ «ቢዘንብም ግን መጣ» ማለት እንችላለን፣ እንግሊዝኛ ግን ከሁለቱ አንዱን ነው የሚወስደው። ይሄ ግን የተቃርኖ ነው፣ ዛሬ አልገባበትም።

«ሲንስ» የሚባለውም ምክንያት ይሆናል። ችግሩ «ከ… ጀምሮ» ማለትም መሆኑ ነው። ስታነቡ ከኋላው ዓመት ወይም ቀን ካለ ጊዜ ነው፤ ከሌለ የዓረፍተ ነገሩን ሐሳብ እዩ። «ዲው ቱ» ከ«ቢኮዝ ኦፍ» ጋር ወንድማማች ነው፣ ስም ነው የሚያስከትለው። ይበልጥ መደበኛ ነው፣ ማስታወቂያና ሪፖርት ላይ ይበዛል።

ውጤትን የሚያመጡት «ሶ»፣ «ዜርፎር»፣ «አዝ ኤ ሪዛልት»፣ «ሄንስ» ናቸው። ትርጉማቸው ሁሉም ወደ «ስለዚህ»፣ «በመሆኑም»፣ «በዚህም የተነሳ» ይጠጋል። «ሶ» የቤት ልብስ ናት፤ ከጓደኛ ጋር ስናወራ። «ዜርፎር» የሰንበት ልብስ ነው፤ ድርሰትና የሒሳብ ማረጋገጫ ላይ። ነገር ግን አጻጻፋቸውም ይለያል። «ሶ» በነጠላ ሰረዝ ብቻ ሁለት ሐሳብ ታገናኛለች። «ዜርፎር» ግን ከበፊቱ ወይ አራት ነጥብ ወይ የእኛን ድርብ ሰረዝ የመሰለውን ምልክት ይፈልጋል፣ ከኋላው ደግሞ ነጠላ ሰረዝ። ቲቸር ቀይ እስክሪብቶ የሚያነሱት ብዙ ጊዜ እዚች ላይ ነው።

«ሶ» ሌላም ተንኮል አላት። «ሶ ሆት» ሲባል «በጣም ሞቃት» ነው፤ ምክንያትም ውጤትም የለበትም። «ሶ ዛት» ሲሆን ደግሞ ዓላማ ትሆናለች። «አጥንቼ ነበር፣ ስለዚህ አለፍኩ» እና «እንዳልፍ አጠናሁ» አንድ አይደሉም። በመጀመሪያው ፈተናው አልፏል፣ ውጤቱ ታውቋል። በሁለተኛው ግን ማለፌ ገና ምኞት ነው። በአማርኛ «እንዲ»፣ «እንድ» የምትል ነገር ከመጣች «ሶ ዛት» በሉ።

በሒሳብ ደብተራችሁ ላይ ሦስት ነጥብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሁለቱ ከታች፣ አንዷ ከላይ፤ ልክ እንደ ሦስት ጉልቻ። እሷ «ዜርፎር» ናት። ጉልቻው ከተገለበጠ፣ ሁለቱ ከላይ አንዷ ከታች ከሆነች «ቢኮዝ» ትሆናለች። ዮሐን ራን የሚባል የስዊዘርላንድ ሰው በ1659 እ.ኤ.አ. በታተመ የአልጀብራ መጽሐፉ ሦስቱን ነጥቦች ለ«ስለዚህ» ተጠቅሞባቸዋል። ሒሳብ ቲቸር ሰሌዳ ላይ ሲያስቀምጧቸው ጌጥ የሚመስላቸው ልጆች አሉ፤ ጌጥ ሳይሆን ቃል ናቸው።

አሁን አቅጣጫ የሚባለውን ነገር እንይ፤ ለእኔ ዋናው ይሄ ነው። «ሶ» እና «ዜርፎር» ጣታቸውን ወደ ውጤቱ ይቀስራሉ። «ቢኮዝ» ወደ ምክንያቱ ይቀስራል። ለምሳሌ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። «ዜርፎር» የአየር ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ካለው ያነሰ ነው። «አዝ ኤ ሪዛልት» ውኃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። «ሶ» የባቄላ ንፍሮ ቶሎ አይበስልም። ጅቡቲ ወደብ ላይ ብንቀቅለው ግን በ100 ዲግሪ ስለሚፈላ ቶሎ ይበስል ነበር። አያችሁ፣ እያንዳንዱ ውጤት ለሚቀጥለው ምክንያት እየሆነ እንደ ሰንሰለት ሄደ። ከንፍሮው ተነስተን ወደ ከፍታው መመለስም እንችላለን። ንፍሮው ዘገየ፣ «ቢኮዝ» ውኃው በ92 ይፈላል። በ92 ይፈላል፣ «ቢኮዝ» ግፊቱ ዝቅ ያለ ነው። ግፊቱ ዝቅ አለ፣ «ቢኮዝ ኦፍ» ከፍታው። (ይቺ መጨረሻ ላይ ለምን «ኦፍ» እንደጨመርኩ ገብቷችኋል መቼም።) እውነታው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጣቱ የሚቀስርበት አቅጣጫ ብቻ ነው። ግራ ሲገባችሁ «መጀመሪያ የሆነው የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ምክንያት ሁልጊዜ ቀድሞ ነው የሚሆነው፣ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ኋላ ቢጻፍም።

ቅድም እነግራችኋለሁ ያልኩት እዚህ ጋ ይመጣል። ከእኛ ጋር የሚማር አንድ ልጅ አለ፤ እስከ አራተኛ ክፍል ገጠር አያቱ ጋ ነው ያደገው። በክረምት ጎርፍ ማሳውን እንዴት እንደሚያጥበው፣ እርከን እንዴት እንደሚሠራ ከመጽሐፍ ሳይሆን በእጁ ያውቀዋል። ፈተና ላይ «ሶይል ኢሮዥን ሪዛልትስ ፍሮም…» የሚል ጥያቄ መጣ፤ የአፈር መሸርሸር ከምን ይመጣል ማለት ነው። ከምርጫዎቹ አንዱ የደን መጨፍጨፍ ነበር፣ ሌላው የሐይቅና የግድብ በደለል መሞላት። እሱ ደለሉን መረጠ። ወረቀቱ ሲመለስ «መሬት ሲታጠብ በዓይኔ ያየሁት እኔ፣ የተሳሳትኩትም እኔ!» እያለ ቀኑን ሙሉ ተናደደ። ቲቸርም «አንተ እኮ ይሄን ከእኔም በላይ ታውቀዋለህ» አሉት። ነጥቡ ግን አልተመለሰም። እሱ ያነበበው «ሪዛልትስ ኢን» ብሎ ነው። ቢሆን ኖሮ መልሱ ልክ ነበር፤ ደለል የመሸርሸር ውጤት ነዋ።

«ሪዛልት ፍሮም» እና «ሪዛልት ኢን» በአንዲት ቃል ነው የሚለያዩት፣ ትርጉማቸው ግን ተገልብጦ ቁጭ ይላል። ለእሱ የነገርኩትን ለእናንተም ልንገራችሁ። አማርኛም እንዲሁ በአንዲት ፊደል ነው የሚገለብጠው፦ «ይመጣል» እና «ያመጣል»። መሸርሸር ከደን መጨፍጨፍ ይመጣል፤ ይሄ «ሪዛልትስ ፍሮም» ነው። መሸርሸር ደለልን ያመጣል፤ ይሄ «ሪዛልትስ ኢን» ነው። «ፍሮም» ካያችሁ «ከ… ይመጣል» በሉ፣ «ኢን» ካያችሁ «…ን ያመጣል» በሉ። «ሊድስ ቱ»፣ «ኮዝስ» የሚሉትም ከ«ያመጣል» ወገን ናቸው። «ኢዝ ኮዝድ ባይ» ግን ከ«ይመጣል» ወገን ነው፤ «ባይ» ዞራ ስለገባች።

«አዝ ኤ ሪዛልት» ላይም እንደዚያው «ኦፍ» አቅጣጫውን ትገለብጣለች። የሐሮማያ ሐይቅን ውሰዱ። ይህ በምሥራቅ ሐረርጌ የሚገኝ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ደርቆ ነበር። ውኃው ለመስኖና ለከተማ መጠጥ እየተሳበ፣ ከተራቆተው ተዳፋት የሚመጣው ደለልም እየሞላው ነው የደረቀው። በቅርብ ዓመታት ውኃ ተመልሶ ይዟል። እንግዲህ «ሐይቁ ደረቀ አዝ ኤ ሪዛልት ኦፍ…» ብለን ከጀመርን ቀጥሎ የሚመጣው ምክንያቱ ነው፤ የውኃው መሳብ፣ ደለሉ። «ሐይቁ ደረቀ። አዝ ኤ ሪዛልት፣…» ብለን ከጀመርን ግን ቀጥሎ የሚመጣው ከደረቀ በኋላ የሆነው ነው፤ ለምሳሌ ሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ ከሌላ ቦታ ማምጣት ግድ ሆነባት። ሁለት ፊደል ያላት «ኦፍ» አንድ ሐይቅ ወዲያና ወዲህ ታደርጋለች!

ወደ ደብዳቤው ልለፍ። በዚህ ወር የእንግሊዝኛ የቤት ሥራችን ለርዕሰ መምህር ስለተበላሸ የውኃ ቧንቧ ደብዳቤ መጻፍ ነበር። የአማርኛ ደብዳቤ ሁላችንም አይተናል፤ ከላይ «ጉዳዩ፦» ይላል፣ ከዚያ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ይቀጥላል። በእንግሊዝኛ በ«ጉዳዩ» ቦታ «ሰብጀክት» ወይም «ሪ» ይጻፋል። «ሪ» የ«ሪጋርዲንግ» ወይም የ«ሪፕላይ» አጭር መጠሪያ የሚመስላቸው አሉ፤ የመጣችው ግን ከላቲን ሲሆን ትርጉሟ «በ… ጉዳይ» ማለት ነው። ከእኛ «ጉዳዩ» ጋር እንዴት ተገናኙ አትሉም?

ከዚያ ቀጥሎ «በተመለከተ» የምንለው አለ። «ሪጋርዲንግ»፣ «ኮንሰርኒንግ»፣ «ዊዝ ሪጋርድ ቱ» ሁሉም ለዚህ ይሆናሉ። «ዊዝ ሬፈረንስ ቱ» ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀደም ሲል የተጻፈ ነገር ሲኖር ነው የሚገባው፤ ደብዳቤ፣ ማስታወቂያ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ። «በቀን ይህን ያህል በቁጥር ይህን ያህል ለጻፋችሁልን ደብዳቤ» እንደሚባለው ነው። ከክፍላችን ብዙዎች ደብዳቤያቸውን «ዊዝ ሬፈረንስ ቱ ዘ ታፕ» ብለው ጀምረው ነበር። ቲቸር «ቧንቧው መቼ ጻፈላችሁ?» ሲሉ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሌላው መጠንቀቂያ «ዊዝ ሪጋርድስ ቱ» ብሎ «ስ» መጨመር ነው። «ሪጋርድስ» በ«ስ» ሲሆን ሰላምታ ነው፤ ለእናትህ ሰላምታ አቅርብልኝ እንደሚባለው። ቧንቧውን ሰላም ልንለው ነው እንዴ?

ደብዳቤ ውስጥ ምክንያትና ውጤትም የሰንበት ልብሱን ይለብሳል። «ቧንቧው ተሰብሯል፣ ሶ እጃችንን አንታጠብም» ከማለት፣ «ዲው ቱ ዘ ብሮክን ታፕ» ብሎ ጀምሮ ተማሪዎች ከመጸዳጃ ቤት ሲወጡ እጃቸውን መታጠብ እንዳልቻሉ መግለጽ ይሻላል። ቀጥሎ «ዜርፎር» ብሎ የሚለምነውን ነገር ማምጣት፦ ቧንቧው ቶሎ እንዲጠገን። አንድ ጎበዝ ልጅ ከዚህም አልፋ ወባንና ታይፎይድን አነሳችና «ዘ ፎርመር» በትንኝ፣ «ዘ ላተር» በተበከለ ውኃና ምግብ ይተላለፋል ብላ ጻፈች። «ዘ ፎርመር» የፊተኛው፣ «ዘ ላተር» የኋለኛው ማለት ነው፤ የተጠሩት ሁለት ብቻ ሲሆኑ ነው የሚሠሩት። ቧንቧና ወባ ምን አገናኛቸው ብዬ እኔ ትንሽ አጉረምርሜያለሁ፣ ታይፎይዱ ግን ልክ ቦታው ነው። ደብዳቤዋ ተመርጦ በእውነትም ለርዕሰ መምህር ተሰጥቷል፤ መልስ እየጠበቅን ነው። መልሱ ሲመጣ እኛም በተራችን «ዊዝ ሬፈረንስ ቱ» ብለን ለመጀመር መብት አለን።

ለዛሬ መልመጃ ይሄን ይዛችሁ ሂዱ። «ጎርፉ ድልድዩን ወሰደው፤ ተማሪዎች ቀሩ» የሚለውን አንዴ በ«ቢኮዝ»፣ አንዴ በ«ቢኮዝ ኦፍ»፣ አንዴ በ«አዝ ኤ ሪዛልት» አድርጋችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ። ከዚያ «ፍለድ» የሚለውን ቃል ባለቤት አድርጋችሁ በ«ሪዛልትስ ፍሮም» አንድ፣ በ«ሪዛልትስ ኢን» አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ። አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ያላችሁ የ«ቢኮዝ» እና የ«ሶ»ን ብቻ ብትሠሩ ይበቃል። መልሱን እስከ ሐሙስ የሚኒ ሚዲያ ክፍል በር ላይ በተሰቀለው ሣጥን ክተቱ፤ ስምና ክፍል መጻፍ እንዳትረሱ።